ጥቁሩ መስታወትና ከመንገዱ የጠፋው ሰው

የኪነ ጥበብ መሣሪያ ሁሉ የባለሙያውን ዓላማ ያገለግላል እንጂ የራሱ ዓላማ የለውም የሚል አስተያየት በሥዕልም፣ በሙዚቃም፣ በፎቶግራፍም ዙሪያ ተደጋግሞ ይሰማል። አስተያየቱ በከፊል እውነት ነው። ብሩሽ ራሱን ችሎ አይሥልም፤ ካሜራም ያለ ሰው ዓይን አይመርጥም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መሣሪያ በተፈጥሮው ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል። ባለሙያው ይህን ዝንባሌ ጠንቅቆ ካላወቀው መሣሪያው አገልጋይነቱን ትቶ መሪ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ነጥብ የምንመረምረው በአንድ ትንሽ ዕቃ፣ ማለትም በካሜራ ሌንስ ፊት በሚገጠም ጥቁር መስታወት አማካይነት ነው።

ይህ መስታወት በፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ «ኤን ዲ ፊልተር» በመባል ይታወቃል። ተግባሩ ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን መቀነስ ብቻ ነው። ከጠቆሩት መካከል በብዛት የሚሠራበት ዓይነት ብርሃኑን አሥር ጊዜ በግማሽ በግማሽ እየከፈለ ከ1,000 እጅ አንዱን ያህል ብቻ ያሳልፋል። በጠራራ ፀሐይ በ1/125 ሴኮንድ ሊነሳ የሚችል ፎቶግራፍ ይህ መስታወት ሲገጠምለት 8 ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል፤ በ1/30 ሴኮንድ የሚነሳው ደግሞ ከግማሽ ደቂቃ ያልፋል። ስለዚህ ካሜራው በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይተከላል። መስታወቱ ከተገጠመ በኋላ በመመልከቻው በኩል ማየት አዳጋች ስለሚሆን የሥዕሉ አቀማመጥና ጥራት አስቀድሞ ይስተካከላል። በፊልም የሚሠራ ሰው ሌላም ችግር አለበት፤ ደካማ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ሲያርፍበት ፊልሙ ስለሚሰንፍ በሒሳብ ከተገኘው ጊዜ በላይ መጨመር ግድ ይሆናል። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ካርል ሽቫርዝሺልድ ይህን የፊልም ጠባይ ያጠናው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነበር። ውድ ፊልተር ለመግዛት አቅም የሌላቸው ወጣቶች በየአገሩ የበያጆችን ጥቁር መስታወት ሌንሳቸው ፊት እያሰሩ ይሠራሉ፤ ሥዕሉ ወደ አረንጓዴነት ስለሚያደላም በጥቁርና ነጭ ያትሙታል። ከድህነት የተወለደ ብልሃት ነውና ሊመሰገን ይገባዋል።

በፊልተሩ የእንግሊዝኛ ስም ውስጥ «ገለልተኛ» የሚል ቃል አለ። የገለልተኛነቱ ትርጉም ለቀይ ወይም ለሰማያዊ ሳያዳላ ብርሃንን ሁሉ እኩል መቀነሱ ነው። ታዲያ ለቀለም ገለልተኛ የሆነው መስታወት ለእንቅስቃሴ ገለልተኛ አይደለም። የቆመውን ያጸናል፤ የሚንቀሳቀሰውን ይሰርዛል። ግንቡ፣ ሐውልቱ፣ ድልድዩ በሥዕሉ ላይ ጥርት ብለው ይቀመጣሉ። እግረኛው፣ ተሸካሚው፣ ሱቅ በደረቴው ግን ብርሃናቸው በአንድ ቦታ ላይ በቂ ጊዜ ስለማይቆይ ወይ እንደ ጭጋግ ይበተናሉ፣ ወይ ጨርሶ ይጠፋሉ። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ሕጉን በማን ላይና ለምን እንደሚያውለው መወሰን ግን የፎቶግራፍ አንሺው ኃላፊነት ነው።

ነገሩ ከፎቶግራፍ ልደት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ገደማ ከመስኮቱ ሆኖ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን የፓሪስ ጎዳና አነሳ። በዚያን ጊዜ ጥቁር መስታወት አላስፈለገውም፤ ብር የተቀባው ሰሌዳ ራሱ እጅግ ዘገምተኛ ስለነበረ ብርሃን ለመቀበል ደቂቃዎች ወስዶበታል። ጎዳናው በሠረገላና በእግረኛ የሚጨናነቅ ቢሆንም በሥዕሉ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል። የቴሌግራፉ ሳሙኤል ሞርስ በ1839 ፓሪስ ውስጥ የዳጌርን ሥራ ተመልክቶ ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ በአድናቆት ገልጾታል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጎልቶ የሚታየው ጫማውን ለማስጠረግ አንድ እግሩን አንስቶ የቆመ ሰው ነው። በእግሩ ሥር ያለው ሊስትሮ ደግሞ እጁና ትከሻው ስለሚሠራ ከደንበኛው ይልቅ ደብዝዟል። በፎቶግራፍ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በሆነው በዚህ የሰው ምስል ላይ አገልግሎት የሚቀበለው ጸንቶ፣ አገልግሎት የሚሰጠው ደብዝዞ መገኘቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ዳጌር ይህን አስቦ አላደረገውም። ዛሬ መስታወቱን በገዛ እጁ የሚገጥም ባለሙያ ግን ሳላስበው ነው ሊል አይችልም።

የዚህ ዝንባሌ የመጨረሻ ጫፍ በጀርመናዊው ሚካኤል ቬዘሊ ሥራ ላይ ይታያል። ቬዘሊ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲታደስ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2004 ድረስ ካሜራዎቹን ተክሎ እስከ 34 ወራት ያህል ሳይዘጋ አቆይቷቸዋል። በውጤቱ የፈረሰውና የተሠራው ግድግዳ በአንድ ላይ ተደራርቦ ይታያል፤ የፀሐይ መንገድ በሰማይ ላይ መስመር ሠርቷል። የጊዜን ሂደት በአንድ ገጽ ላይ ማጠቃለሉ ታላቅ የፈጠራ ሥራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ተመልካች ሥዕሉን አተኩሮ ሲመረምር አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። ብረቱን ያቆመው፣ ሲሚንቶውን ያፈሰሰው ሠራተኛ የት ሄደ? ሕንፃው ራሱን በራሱ የገነባ ይመስላል። ፀሐይ እንኳ ፊርማዋን ስታኖር የሠራተኛው ጉልበት ያለ ፊርማ ቀርቷል።

ከዚህ ተነሥቶ ዘዴውን በጅምላ ማውገዝ ግን ስህተት ነው። ሩሲያዊው አሌክሴይ ቲታሬንኮ የሶቪየት ኅብረት በፈረሰበት ወቅት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ «የጥላዎች ከተማ» በተባለው ተከታታይ ሥራው የሴንት ፒተርስበርግን ሕዝብ በረጅም ጊዜ አነሣስ ቀርጾታል። ከምድር ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ የሚጋፋው ሕዝብ እንደ ጢስ ይንከባለላል፤ የደረጃውን መደገፊያ የጨበጡ እጆች ብቻ እዚህም እዚያም ጥርት ብለው ይታያሉ። እዚህ ላይ ሰው አልጠፋም። ኑሮው ከእጁ ሲያመልጥ የሚጨብጠውን የሚፈልግ ሰው ነው የሚታየው። ቅርጹ ይዘቱን ወልዶታል ከማለት ይልቅ ይዘቱ ቅርጹን መርጦታል ማለት ይቀላል።

አሜሪካዊው ኮል ቶምፕሰን በ2008 በአውሽቪትስ ቢርከናው የሠራው ሥራ ደግሞ ፍርዱን ያከብደዋል። ፎቶግራፍ አንሺው በቀን ብርሃን ጥቁሩን ፊልተር ተጠቅሞ የሥፍራውን ጎብኚዎች ወደ መናፍስት ለውጧቸዋል። ወደ 1.1 ሚሊዮን ሰዎች፣ አብዛኞቹም አይሁዳውያን፣ በተገደሉበት ስፍራ አጥሩና ሕንፃው ጸንቶ ሰው ጭጋግ ሆኖ መታየቱ ልብን ይነካል። ሕንፃው ቀርቷል፣ ሰዎቹ የሉም፤ ይህም የስፍራው እውነት ነው። ሆኖም በእኛ አስተያየት ሥራው አንድ ድካም አለበት። የተገደሉት ሰዎች ጭጋግ አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው ስም፣ ሙያና ቤተሰብ ነበራቸው። ገዳዮቹ የተመኙት ይህ ማንነት እንዲደመሰስ ነበር። ስለዚህ ሟቹን መልክ በሌለው ጥላ መወከል ሐዘንን ይቀሰቅስ ይሆናል እንጂ ለሟቹ መልኩን አይመልስለትም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከባሕር ዳር በስተታች የሚገኘው ጢስ ዓባይ ለዚህ ዘዴ እጅግ የተመቸ ነው። ሕዝባችን ፏፏቴውን ጢስ ብሎ የሰየመው ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት ነውና ውሃውን ወደ ጢስ የሚለውጠው መስታወት ለስሙ ታማኝ የሆነ ይመስላል። ነገር ግን ስሙ የመጣው ከሚፈረጠው ውሃ ከሚነሣው ጉም ነው፤ የጉሙም እናት የውሃው ብዛትና ኃይል ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ውሃውን ከጠለፉት ወዲህ በተለይ በበጋ ፏፏቴው እንደ ቀድሞው አይደለም። እዚህ ላይ ጥቁሩ መስታወት ያታልላል። ተራርቀው የሚወርዱት ቀጫጭን ጅረቶች በ8 ወይም በ30 ሴኮንድ ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተደራረቡ አንድ ወጥ ነጭ ሻማ የተዘረጋ ያስመስላሉ። የበጋው ውሃ ክረምት ይመስላል። ሥዕሉ ለጎብኚ መጋበዣ፣ ለቀን መቁጠሪያም ጌጥ ይሆናል፤ ለብርሃንና ለፋብሪካ ሲባል ምን እንደተከፈለ ለማወቅ ለሚሻው ዜጋ ግን አይነግረውም። ተራ አነሣስ የጅረቶቹን መራራቅ ያሳይ ነበር። ውበት እውነትን በሸፈነ ቁጥር ውበትነቱ ይጎድላል።

ታዲያ ጥቁሩ መስታወት ምን ቢሠራበት ይበጃል? መልሱ ከራሱ ጠባይ ይገኛል። መስታወቱ ተንቀሳቃሹን ይሰርዛል ካልን፣ የማይንቀሳቀሰውን ያጸናል ማለታችንም ነው። በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ አንድ ማዕዘን ላይ ካሜራ ተክሎ በቀትር ለግማሽ ደቂቃ ብርሃን የሚቀበል ባለሙያ ምን ያገኛል? የሚጣደፈው ነጋዴና ሸማች እንደ ጅረት ያልፋል። ቲማቲሟን በመደብ በመደብ ደርድራ መሬት ላይ የተቀመጠችው የጉልት ነጋዴ ግን ገበያተኛ እስኪመጣ ድረስ ሳትነቃነቅ ስለምትጠብቅ ጥርት ብላ ትቀራለች። ደንበኛ ያጣው ሊስትሮ ከሣጥኑ ኋላ ይታያል፤ በር ላይ የቆመው ዘበኛም እንዲሁ። ሌላ ጊዜ አላፊ አግዳሚው ልብ የማይላቸው ሰዎች በዚህ ሥዕል ውስጥ ዋነኞቹ ነዋሪዎች ይሆናሉ፤ ልብ የማይላቸው ሕዝብ ደግሞ በፈንታው ይደበዝዛል። ዳጌር በአጋጣሚ ያደረገውን ዛሬ አውቆ መገልበጥ ይቻላል። እርግጥ ነው፣ መጠበቅን ብቻ ማሳየት ሥራን ማሳየት አይደለም። ሊስትሮው ብሩሹን ሲያነሣ እጁ መልሶ ይጠፋል፤ እጁ እንዲታይ የሚሻ ሰው መስታወቱን ማውለቅ ይኖርበታል። መሣሪያን ማወቅ ማለት የሚወልቅበትን ጊዜም ማወቅ ነው።

በዘመናችን ብዙ አጫጭር ሥዕሎችን በኮምፒዩተር ደራርቦ ያለ ፊልተር ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ስለሚቻል ዘዴው በማንም እጅ ገብቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። የሥነ ጥበብ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ሴኮንዱን እንዲያሰሉ ብቻ ሳይሆን አንድን ቦታ በአጭርም በረጅምም ጊዜ አንስተው ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲያስቀምጡ፣ ማን እንደቀረና ማን እንደጠፋም እንዲቆጥሩ ቢያለማምዷቸው መልካም ነው። ለኤግዚቢሽንና ለኅትመት ሥዕል የሚመርጡ ኃላፊዎችም ባዶ አደባባይ ሲቀርብላቸው ጸጥታው ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ባለሙያው ደግሞ መስታወቱን በሌንሱ ፊት ከመግጠሙ በፊት፣ ገና ማየት በሚችልበት በዚያ ቅጽበት፣ ከፊቱ ያለውን ሰው አንድ ጊዜ በሚገባ ይመልከተው።