ያልተገላበጠ እንቁላል

አሜሪካ ውስጥ ቅርፊቷን ግጥም አድርጋ የምትዘጋዋን ኤሊ በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች፣ ብርዱ ሲቃረብ የሚሠሩት ሥራ አለ። ምግቧን ቀደም ብለው ያቆማሉ፤ ሆዷ ባዶ ሲሆን ርጥብ አፈርና ደረቅ ቅጠል በሞላበት ሣጥን፣ ቀዝቀዝ ባለ ግን ውርጭ በማይደርስበት ቦታ ያስተኟታል። ወራት ታንቀላፋለች። አርባ ምንጭ ላይ ግን ቆላ ነውና ኤሊ የሚያስተኛ ብርድ ከየት ይመጣል? እዚህ ሰው ተጠንቅቆ አፈር የሚያለብሰው ሌላ ነገር ነው፤ የአዞ እንቁላል።

የአርባ ምንጭ የአዞ እርባታ ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ጣቢያው ያለው በአባያ ሐይቅ ዳር ቢሆንም እንቁላሉና ጫጩቱ የሚለቀመው ከጫሞ ሐይቅ ነው። ጎብኚው አጥሩን ተደግፎ ገንዳ ውስጥ የተጋደሙትን አዞዎች ጥርስ ያያል፤ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። አልፈርድበትም። ለእኔ ግን የሙያው ረቂቅ ክፍል ጥርስ ከመብቀሉ በፊት ያለው ነው።

እናቲቱ በበጋ፣ ከውሃው ራቅ ባለ አሸዋ ላይ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራ 50 ግድም እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ አፈር አልብሳ፣ እምብዛም ሳትበላ፣ አካባቢው ላይ ትከርማለች፤ አርጃኖ ጎጆዋን ፈልፍሎ እንቁላሏን እንዳይበላባት ነው። ለቃሚው እሷን ከጎጆው ማራቅ አለበት። ይህ ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረት ግን ከሥራው ቀላሉ ነው። ከባዱ የሚጀምረው ጣት አሸዋው ውስጥ ሲገባ ነው።

አዞ እንደ ዶሮ እንቁላሏን አታገላብጥም። ከተጣለ አንድ ቀን ገደማ በኋላ ጽንሱ ከቅርፊቱ የላይኛው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ እዚያም ላይ ፈዛዛ ነጭ ነጠብጣብ ብቅ ይላል። ነጩ ቀን በቀን እየሰፋ እንቁላሉን መሐሉ ላይ እንደ መቀነት ይዞረዋል። ልምድ ያለው ሰው ይህን አይቶ ሕይወት ያለውን ካልያዘው ይለያል፤ ያልያዘው እንቁላል ነጭ አያወጣም። ከተጣበቀ ወዲህ እንቁላሉን የገለበጠ እጅ ጽንሱን ገደለው ማለት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም የሆነ አይመስልም። ስለዚህ አሸዋው በአካፋ ሳይሆን በእጅ፣ እፍኝ በእፍኝ ይነሳል። እንቁላሉ ጀርባው ሲገለጥ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ በእርሳስ አናቱ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ማየት አለበት፤ ከጉድጓዱ ሲወጣም፣ ሣጥን ውስጥ አሸዋ ላይ ሲደረደርም፣ መኪናው ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭም።

እንደገና መቅበሩ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። አሸዋው ደርቆ ከሆነ እንቁላሉ ውሃውን ያጣል፤ ከልክ በላይ ከረጠበ ደግሞ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሙቀቱማ ይባስ ብሎ ፆታ ይወስናል። 30 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ የሚፈለፈሉት ሴቶች ይሆናሉ፤ 32 ወይም 33 ላይ ወንዶቹ ይበዛሉ፤ ከዚያ አልፎ ሲሞቅ እንደገና ወደ ሴት ያደላል። ሁለትና ሦስት ዲግሪ፣ በሌላ አነጋገር የጥላና የጥልቀት ጉዳይ፣ ገንዳውን በወንድ ወይም በሴት ይሞላዋል። አሸዋውን የሚያለብሰው ሰው ይህን ያህል ሥልጣን መዳፉ ውስጥ አለ፤ እንደ ተራ ቀባሪ ማየቱ አግባብ አይመስለኝም።

ሦስት ወር ሊሞላ ሲል ከአሸዋው ሥር ድምፅ ይሰማል። ጫጩቶቹ ገና ቅርፊት ውስጥ ሆነው ይጣራሉ፤ አንዱ ሲጀምር ሌሎቹ ይቀበሉታል። ጫሞ ዳር ቢሆን እናቲቱ ሰምታ ትቆፍራለች። ሳይሰበር የዘገየውን እንቁላል በምላሷና በላንቃዋ መሐል አንከባላ ቅርፊቱን ትሰነጥቃለች፤ የጎሽ አጥንት የሚሰባብር መንጋጋ ውስጡ ያለውን ሳይጭር። ከዚያም ጫጩቶቹን በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ታወርዳለች። የሰው ሥራ መለኪያው ይህ አፍ ነው፤ ክብደቱም እዚህ ላይ ይታየኛል። ድምፁ ሳይሰማ የቆፈረ ያልደረሰውን ያወጣል፤ ሰምቶ ከዘገየ ደግሞ አሸዋ ተጭኗቸው የሚታፈኑ ይኖራሉ።

ከወጡ በኋላም መቸኮል የለም። ስንዝር ተኩል የሚሆነው ጫጩት አፍንጫው ጫፍ ላይ ቅርፊት የቀደደባት ትንሽ ሹል ነገር አለች፤ ቆይታ ትጠፋለች። ሆዱ ውስጥ ከእንቁላሉ የተረፈ አስኳል ይዟል፤ ለቀናት ከዚያ ይበላል። ስለዚህ ጠባቂው እያንዳንዱን ገልበጥ አድርጎ (አሁን መገልበጥ ይቻላል) እምብርቱን ያያል። የዘጋው ወደ ውሃ ይሄዳል። ያልዘጋው ንጹሕና ሞቅ ያለ ቦታ ለብቻው ይቆያል፤ ቆሻሻ ውሃ በእምብርቱ ገብቶ እንዳይበክለው። የመጀመሪያው ጉርሻ፣ ደቅቆ የተከተፈ ዓሣ ወይም ሥጋ፣ የሚቀርብለት ከዚህ በኋላ ነው።