ግብታዊነትን በማን ሚዛን እንመዝን? ባይፖላር ሕመምን ከአልኮል ጋር ያገናኘ ጥናት ከአሶሳ ሲታይ

የባይፖላር ሕመምና የአልኮል ችግር በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ሕክምናው እንደሚከብድ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ ባይፖላር አንድ ካለባቸው ሰዎች 46 በመቶ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው የአልኮል ችግር እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። ሁለቱን የሚያስተሳስረው ምንድን ነው? አለን ስዋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረቡት ጥናት የሰጡት መልስ ግብታዊነት የሚል ነው፤ ይኸውም መዘዙን ሳያመዛዝኑ ወደ ድርጊት መግባት ማለት ነው።

የጥናቱ ብርታት ግብታዊነትን በሁለት መንገድ መለካቱ ነው። በመጠይቅ ሲለካ ግብታዊነት በሁለቱም ችግሮች ከፍ ብሎ የታየ ሲሆን፣ ሁለቱ በተደረቡባቸው ሰዎች ደግሞ የበለጠ ከፍ ብሏል። በተግባር ፈተና ሲለካ ግን ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ ከፍ ያለው የሱስ ታሪክ ባላቸው ሕሙማን ብቻ ነው። በማኒያ ወቅት ሱስ ኖረም አልኖረም ከፍ ይላል። ስለሆነም በማኒያ ላይ ያለን ሰው አይቶ «ጠባዩ ነው» ማለት እንደማይገባ ጥናቱ ያስተምረናል።

ድክመቱ የሚታየው ውጤቱን እንዳለ ወደ አሶሳ ለማምጣት ሲሞከር ነው። የባራት መጠይቅ 30 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል ሥራን ስለ መቀያየር፣ መኖሪያን ስለ መለወጥ፣ ዘወትር ገንዘብ ስለ መቆጠብ፣ ቴአትር ወይም ንግግር ሲከታተሉ ስለ መቁነጥነጥ የሚጠይቁ ይገኙባቸዋል። በቤንሻንጉል ጉሙዝ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚቆፍር ሰው ወርቁ ወዳለበት ይሄዳል፤ ቦታ መለወጡ ራሱ የእንጀራው እቅድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከካማሺ፣ በ2020 እና በ2021 ደግሞ ከመተከል የተፈናቀሉ ሰዎች መኖሪያቸውን የለወጡት ተገደው ነው። መጠይቁ ግን ለሁሉም እኩል ነጥብ ይሰጣል፤ ድህነትንና መፈናቀልንም ከጠባይ ጉድለት ይቆጥራል።

የቋንቋውም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ግብታዊነት «ግልፍተኝነት» ተብሎ ከተተረጎመ ቁጣ ብቻ፣ «ችኩልነት» ከተባለ ጥድፊያ ብቻ ይሆናል። በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ በሚነገርበት ክልል ደግሞ የአማርኛው ትርጉም ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 10 ጥያቄ የአልኮል መጠይቅም መጠጥን በመደበኛ መጠን ይቆጥራል። በየቤቱ የተጠመቀ ጠላና በየቤቱ የወጣ አረቄ ግን ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ አንድ ጣሳ ወይም አንድ መለኪያ ምን ያህል አልኮል እንደያዘ ሳያጣሩ መደመር ያሳስታል።

ከዚህም በላይ ጥናቱ የአንድ ወቅት መለኪያ በመሆኑ ግብታዊነቱ መጠጡን አመጣ ወይስ መጠጡ ግብታዊነቱን አባባሰ የሚለውን አይፈታም። ይህ ልዩነት ለሕሙማን ከባድ ትርጉም አለው። «ጠባዩ ነው» የተባለ ሕመምተኛ መጀመሪያ መጠጥ አቁም ተብሎ ይመለሳል፤ ማኒያው ወይም ድብርቱ ሳይታከም ይቆያል። ግብታዊነትና መጠጥ ሲገናኙ ደግሞ ራስን የማጥፋት አደጋ ይጨምራልና ቀጠሮ እስኪደርስ ላይጠብቅ ይችላል።

መፍትሔው ጽንሰ ሐሳቡን መጣል ሳይሆን ሚዛኑን ማስተካከል ነው። ለዚህም የቡታጅራው ጥናት ምሳሌ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው በዚህ ሥራ 68,378 ሰዎች ተጠይቀው 315 ሰዎች ባይፖላር አንድ እንዳለባቸው ታውቋል። አጥኚዎቹ ከመደበኛው መጠይቅ ጎን ለጎን ማኅበረሰቡን በቅርበት ከሚያውቁ ሰዎች መረጃ ሰብስበዋል። እኛም በየጤና ጣቢያው ቤተሰቡን ልንጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፦ ሳይጠጣና ስሜቱ ተረጋግቶ ሳለ እንዴት ያለ ሰው ነበር? ከመጠጡና ከስሜቱ መለዋወጥ የትኛው ቀደመ?

መልሱ ምንም ይሁን ምን ሁለቱ ችግሮች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ካርድ ሊታከሙ ይገባል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ በግልጽ ይጠየቅ፤ ስጋት ካለ መድኃኒት በትንሽ በትንሹ ይሰጥ፤ ቤተሰብም ይያዝለት። የደም መጠኑን መከታተል በማይቻልበት ቦታ ሊትየም አይጀመር፤ በቆላው ሙቀት የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ የመመረዝ አደጋው ይጨምራልና። ቫልፕሮኤት ከመታዘዙ በፊት በመጠጥ የተጎዳ ጉበት መኖር አለመኖሩ ይታይ፤ ልትወልድ ለምትችል ሴትም አይመረጥ። ግብታዊነት ሊለካ የሚገባው በሕመምተኛው ላይ ለመፍረድ ሳይሆን አደጋውን አስቀድሞ ለማየት ነው።