በፊዚዮሎጂ ትምህርት የማስተማሪያ ዘዴዎች ቅንጅት፦ ሂሳዊ ምልከታ

የሕያዋን አካል ተግባሩን እንዴት እንደሚያከናውን የሚያጠናው ፊዚዮሎጂ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ለረጅም ዘመን የተሰጠው በገለጻና በቤተ ሙከራ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው የካናዳው ማክማስተር የሕክምና ትምህርት ቤት ትምህርቱን በበሽተኛ ችግር ዙሪያ በሚካሄድ የአነስተኛ ቡድን ጥናት ላይ ከመሠረተ ወዲህ ግን፣ ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም የሚለው አስተሳሰብ እየተስፋፋ መጥቷል። ዘዴዎችን ማቀናጀት የሚደገፍ ሐሳብ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ትችት ይገባዋል።

የቅንጅት ደጋፊዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት፣ ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ 225 ጥናቶችን አጠቃልሎ፣ በገለጻ ብቻ የተማሩ ተማሪዎች የመውደቅ ዕድላቸው በንቁ ተሳትፎ ከተማሩት በአንድ ተኩል እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ጥናቱ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ ትምህርቶችን በአንድነት የመዘነ ሲሆን፣ «ንቁ ተሳትፎ» በሚለው ስያሜ ሥርም እጅግ የተለያዩ ተግባራት ተጠቃለዋል። የትኛው ዘዴ ለየትኛው የፊዚዮሎጂ ርእስ እንደሚስማማ ከእርሱ መፈለግ፣ ያልተጠየቀውን እንዲመልስ ማስገደድ ነው።

መልሱ የሚገኘው በትምህርቱ ባሕርይ ውስጥ ነው። ልብ በደቂቃ የምትረጨው የደም መጠን፣ የአንዱ ምት መጠን በምቱ ብዛት ሲባዛ የሚገኝ መሆኑን ተማሪው ከገለጻ በአጭር ጊዜ ይረዳል፤ እዚህ ላይ የቡድን ውይይት ማካሄድ ጊዜ ማባከን ነው። ከተኛበት የተነሣ ሰው የልብ ምቱ ለምን እንደሚፈጥን ሲጠየቅ ግን፣ ትርጓሜውን በቃሉ የሚያውቀው ተማሪ እንኳ ሊሰናከል ይችላል፤ የሚጎድለው የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ነውና። ሰው ሲቆም ደም በስበት ወደ እግሩ ያመዝናል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል፤ ግፊቱም ዝቅ ይላል። በአንገትና በደረት ትላልቅ የደም ቧንቧዎች ላይ ያሉት የግፊት ተቀባዮች ለውጡን ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ አንጎልም ምቱን ያፋጥናል። ተማሪው የሚጠብቀውን ውጤት አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያሰፍር፣ ከዚያም የጓደኛውን ምት ተኝቶና ቆሞ ቢቆጥር፣ ስሕተቱ ከየትኛው ቀለበት እንደ ጀመረ ራሱ ያገኘዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የእጅ ሰዓት፣ ከተቻለም የደም ግፊት መለኪያ ስለሆነ፣ የመሣሪያ እጥረት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ መልሱ አስቀድሞ በገለጻ ከተነገረ ግን ሙከራው የታወቀውን መድገሚያ ሆኖ ይቀራል።

ዋናው ድክመት የሚታየው በዕቅድ ላይ ነው። አዲስ ዘዴ ሲጨመር ብዙ ጊዜ የገለጻው ሰዓት አይቀነስም፤ ፈተናውም ሸምድዶ መመለስን እንደ ጠየቀ ይቀጥላል። ተማሪው የሚያጠናው ለሚፈተንበት ነውና ውይይቱን በጨዋነት ተቀምጦ ያሳልፈዋል፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባም። የኮርስ ለውጥ የሚያቀርብ የትምህርት ክፍል ከአዲሱ የሰዓት ድልድል ጋር የተሻሻለውን የፈተና ወረቀት አባሪ እንዲያደርግ ቢጠየቅ፣ የቀረበው ቅንጅት ይሁን ድርደራ ገና ከመነሻው መለየት ይቻላል።