ስለ ፍኖተ መስቀል ጸሎትና ሃይማኖትን ስለ ማካፈል

ጸሎትን መተቸት ድፍረት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እርግጥ ነው፤ ጸሎት በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለ ምስጢር ስለ ሆነ ሦስተኛ ሰው ገብቶ ሊፈርድበት አይገባም። ነገር ግን በመጽሐፍ የተጻፈ፥ በሥዕል የተሣለና በሕዝብ ፊት የሚነበብ ጸሎት የሰው እጅ ያለበት ነውና፥ ምን እንደሚያስተምርና እኛም እንዴት እንደምንይዘው መመርመር ተገቢ ነው። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ካደግሁበት ጊዜ አንሥቶ በአስተማሪነት ዘመኔ ሁሉ በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ስከተለው የኖርሁትን የፍኖተ መስቀልን ጸሎት ዛሬ ለወጣቶች እንደ አንድ ድርሰት አድርጌ ልመረምረው አስቤአለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ተሳላሚዎች ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ያለፈበትን መንገድ እየተከተሉ ይጸልዩ ነበር። ከ1342 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ ካላመለከትሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቅዱሳት ቦታዎች አደራ የጸናላቸው ፍራንቸስካውያን ይህን ልማድ፥ ኢየሩሳሌም ለመድረስ አቅም ለሌለው ሕዝብ ሲሉ፥ በየአገሩ አስፋፉት። በ1731 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 12ኛ የምዕራፎቹን ቍጥር በ14 ወሰኑ። በሮማ በኮሎሴዎም በ1750 ተተክሎ ነበር፤ ጳውሎስ 6ኛም በ1964 በዓርብ ስቅለት በዚያው ስፍራ የመጸለዩን ልማድ አደሱት።

የዚህ ድርሰት የመጀመሪያ መልካምነቱ የማንንም ችሎታ አለመጠየቁ ነው። ፊደል ያልቈጠረችው እናት ሥዕሉን እያየች፥ ሊቁም መጽሐፉን ይዞ፥ ሁለቱ በአንድ እርምጃ ይሄዳሉ። ምዕራፍ ማለት ማረፊያ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ሄዶ መቆም፥ ቆሞ ማሰብ፥ አስቦ መንበርከክ የጸሎቱ ሥርዓት ነው። አፍ ብቻ ሳይሆን እግርና ጉልበትም ይጸልያሉ።

ሁለተኛውና የሚበልጠው መልካምነቱ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። በ14ቱ ምዕራፎች ውስጥ የሚጮኹ፥ የሚፈርዱና የሚገርፉ ብዙዎች ሲሆኑ፥ ለጌታ እጃቸውን የዘረጉት ጥቂቶች ናቸው። በ5ኛው የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ያግዘዋል፤ በ6ኛው ቬሮኒካ ፊቱን ትጠርጋለች፤ በመጨረሻዎቹም ሥጋውን አውርደው የሚቀብሩት ወዳጆቹ አሉ። የቬሮኒካ ታሪክ ከትውፊት የመጣ እንጂ በወንጌል የተጻፈ አይደለም፤ ነገር ግን ትውፊቱ ያለ ምክንያት እዚያ አላቆማትም። እነዚህ ረዳቶች በመንገዱ ላይ ሲናገሩ አንሰማም። ሥራቸው ብቻ ይታያል።

ስምዖንን ተመልከቱ። ቀሬና ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር የነበረች ከተማ ናት፤ እንግዲህ ለጌታ መስቀል ትከሻውን የሰጠው ሰው መነሻው ከአፍሪቃ ምድር ነው። ከገጠር ሲመለስ በግድ ተይዞ አሸከሙት እንጂ በፈቃዱ አልመጣም። ማርቆስ ግን የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት መሆኑን ይነግረናል። አንባቢዎቹ ልጆቹን የማያውቁ ቢሆኑ ኖሮ ስማቸውን መጥራት ምን ይጠቅም ነበር? በግድ የተጀመረው ሸክም ወደ ልጆች የተላለፈ ሃይማኖት ሆነ ብዬ አስባለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት በዚህ ስፍራ ትርጕሙ ይጐላል።

የአገራችንም የጾም ሳምንታት ይህንኑ ትምህርት ይደግፋሉ። ጸሎቱ ከላቲኖች የመጣ ቢሆንም በግዕዝ ሥርዓት የሚጸልይ ካቶሊካዊ ከእሑዶቹ ስም ጋር አስተያይቶ ሊያነብበው ይችላል። በመፃጉዕ እሑድ 38 ዓመት የታመመውንና ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣውን በሽተኛ እናስባለን። በገብር ኄር መክሊቱን ቀብሮ ያስቀመጠው አገልጋይ ይወቀሳል። በኒቆዲሞስ እሑድ ደግሞ ሰውን ፈርቶ በሌሊት የመጣውን መምህር እናገኛለን፤ ያው ሰው ከስቅለት በኋላ መቶ ንጥር ያህል ከርቤና እሬት ይዞ በመቃብሩ ዘንድ ይቆማል። 14ኛውን ምዕራፍ ኒቆዲሞስን አስቦ የሚጸልይ ሰው፥ የተደበቀ እምነት በመከራ ቀን እንዴት ወደ አደባባይ እንደሚወጣ ይማራል።

አሁን ወደ ነቀፋው ልምጣ። በየቁምስናው የሚነበቡት የጸሎት መጻሕፍት ብዙዎቹ ልቅሶን በልቅሶ ላይ ይከምራሉ። ቁስሉን፥ ደሙንና እሾሁን እየደጋገሙ ስለሚዘረዝሩ ሰሚው እንባውን አፍስሶ፥ ልቡ ቀሎት፥ ያለ አንዳች ዕዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል። 8ኛው ምዕራፍ ግን ይህን የሚከለክል ነው፤ ጌታ የኢየሩሳሌምን ሴቶች ልቅሶአቸውን ወደ ራሳቸውና ወደ ልጆቻቸው እንዲመልሱ አዝዞአቸዋልና። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የተቀመጠውን በሽተኛ አልፎ ገብቶ ለ6ኛው ሥዕል የሚያለቅስ ሰው፥ ቬሮኒካን አይቶአታል እንጂ አላወቃትም።

ሁለተኛው ነቀፋ ጸሎቱ በመቃብር የሚያልቅ መሆኑ ነው። ይህን ጉድለት ያስተዋሉ ብዙዎች ናቸው። ትንሣኤን 15ኛ ምዕራፍ አድርገው የጨመሩ አሉ፤ ከዶን ቦስኮ ማኅበርም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን በ14 ምዕራፍ የሚከተል «የብርሃን መንገድ» የሚባል ጸሎት ተነሥቶአል። እኔ ግን ጥፋቱ በድርሰቱ ሳይሆን በእኛ ነው እላለሁ። ድርሰቱ በመቃብር የቆመው ቀሪውን በሕይወታችን እንድንፈጽመው ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳም ከእርሱ ብዙ አያንስም። በጾሙ ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል፤ በሃምሳው ግን ወንበሩ ባዶ ይሆናል። መግደላዊት ማርያም በትንሣኤ ማለዳ የተላከችው ሄዳ እንድትናገር ነበር። በጾም እጅ ይሥራ፥ በፋሲካ አፍ ይናገር የተባለ ይመስላል። እኛ ግን ተገላብጦብን በጾም እንናገራለን፥ በፋሲካ እንበላለን።

ሃይማኖትን ማካፈል ሲባል ከጎረቤት ምእመን መንጠቅ የሚመስለው ሰው አለ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በ1999 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊካውያን ከመቶው 0.7 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ጾሙንና ትንሣኤውንም የሚያከብሩት ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ወቅት ነው። እንዲህ ባለ አገር የሚታመነው ምስክር ጠብ የሌለበት ምስክር ነው። በ1839 ወደ አገራችን የገባው፥ በ1975ም ቅድስናው የታወጀለት ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በትውልዱ ኢጣልያዊ ነበር። ነገር ግን የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፥ የግዕዙን ሥርዓተ ቅዳሴ አክብሮ፥ ኑሮውን ከሕዝቡ ኑሮ ጋር አስተካክሎ ኖረ። ከቃሉ በፊት ሰዎች ያነበቡት ኑሮውን ነው።

እንግዲህ፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ በሚመጣው ጾም ፍኖተ መስቀልን ስትከተል ከረዳቶቹ አንዱን ምረጥና የእርሱን ሥራ ሥራ። ሰው ያጣ በሽተኛ በሰፈርህ እንዳለ ጠይቅ፤ ውኃ ቅዳለት፥ ደብዳቤውን ጻፍለት፥ ሐኪም ቤት አድርሰው። ስለ ምን ታደርጋለህ ብሎ ቢጠይቅህ ያን ጊዜ ሳታፍርና ሳትመጻደቅ ንገረው። ትንሣኤም ሲደርስ የበዓሉን ቅርጫ አስብ፤ በቅርጫ መደብ የሚያነሣው ገንዘብ ያዋጣ ብቻ ነው። የክርስቶስ ትንሣኤ ግን ምንም ላላዋጣ ሰው ጭምር የተመደበ ድርሻ ነው፤ ያ ድርሻ ወደ ባለቤቱ እስኪደርስ በእኛ እጅ ያለ አደራ ነውና፥ አደራውን ከቤታችን አስቀምጠን በዓሉን አከበርን ልንል አንችልም።