ብዙዎች ይወስኑ፤ ጥቂቶች ይናገሩ

ሰው ከብዙዎች ጋር ሲሆን ልቡ ይደፍራል፤ ብቻውን ሆኖ የሚያፍርበትን ነገር ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን እንደ ጽድቅ ቈጥሮ ይሠራዋል። ስለዚህ የአንድን ጉባኤ ፍትሕ ለመመዘን የሚሻ ሰው፥ ብዙዎቹ ምን እንደ ወሰኑ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም፤ ከመወሰናቸው አስቀድሞ ጥቂቶቹ ምን እንዲናገሩ እንደ ፈቀዱላቸውም ሊጠይቅ ይገባዋል። በብዙ ድምፅ መወሰን ያለ ጥርጥር መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን መወሰንና አፍ መዝጋት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር በአገራችን ምክር ቤት ምን ጉዳት እንዳመጣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት አስባለሁ።

ሌላውን ከመንቀፌ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልናገር። በልጅነቴ በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ስማር፥ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ የክርክር ጊዜ ነበረን። መምህራችን ሁልጊዜ ደጋፊ ያነሰውን ወገን አስቀድመው ያናግሩ ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው፥ «ብዙዎቹ እጃቸውን ሲያወጡ ይናገራሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ከአሁን በቀር ሌላ ጊዜ የላቸውም» ይሉን ነበር። እኔም በተራዬ መምህር ስሆን በክፍሌ ይህንኑ ሥርዓት አቆምሁ። ዳሩ ግን ትምህርቱ ከጆሮዬ አልፎ ወደ ልቤ አልገባም ኖሮ፥ ፈተና በመጣ ጊዜ ወደቅሁ።

አንድ ዓመት ተማሪዎቼ ከየቤታቸው ጥቂት ገንዘብ አዋጡ። አርባ ሁለቱ ኳስ ይገዛበት አሉ፤ ስድስቱ ግን ለመጠጥ ውሃው በርሜል ክዳን ይሠራበት ብለው ተከራከሩ። ስድስቱ ይህን ነገር በየሳምንቱ ቢያነሡት፥ ጊዜ የሚያባክኑ መሰለኝና «ከክፍሉ እኩሌታ በላይ ያልደገፈው አሳብ ከእንግዲህ ለውይይት አይቀርብም» የሚል ደንብ አወጣሁ። አርባ ሁለቱ አጨበጨቡ፤ ኳሱም ተገዛ። ስድስቱ ልጆች ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ዝም ብለው መቀመጥ ዠመሩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን በክፍሉ ግድግዳ ላይ «በርሜሉ ክዳን የለውም» የሚል በከሰል ተጽፎ አገኘሁ። ጸሐፊውን አፈላልጌ ቀጣሁት። ወር ሳይሞላ በበርሜሉ ውስጥ የሞተች አይጥ ተገኘች፤ ስንት ቀን እንደ ቈየችም የሚያውቅ አልነበረም። ያንን ውሃ የጠጡት ስድስቱ ብቻ አልነበሩም፤ አርባ ሁለቱም እኔም ጠጥተናል።

ይህ ነገር በ1997 ዓ.ም. እንደገና ትዝ አለኝ። በዚያ ዓመት ግንቦት 7 ቀን እዚሁ ልደታ ረጅም ሰልፍ ተሰልፌ ድምፄን ሰጠሁ። አረጋውያን በምርኵዝ፥ እናቶች ልጅ አዝለው ቆመው ነበር፤ ተራውን ትቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ አላየሁም። ውጤቱ ሲነገር ከ547 ወንበር ኢሕአዴግ 327፥ ቅንጅት 109፥ ኅብረት 52 አገኙ። የአዲስ አበባ 23 ወንበሮች በሙሉ የቅንጅት ሆኑ። ተቃዋሚዎቹ ቈጠራው ተጭበርብሯል ብለው ከሰሱ፤ ገዢው ፓርቲም ካደ። ያም ሆነ ይህ፥ በፊተኛው ምክር ቤት በጣት የሚቈጠሩ የነበሩት ተቃዋሚዎች አሁን ከመቶ ስድሳ በላይ ሆነው ሊገቡ ነው።

ታዲያ የሥራ ዘመኑን ሊጨርስ የተቃረበው ምክር ቤት በዚያ ክረምት ምን አደረገ? የአሠራር ደንቡን ለወጠ። ቀድሞ ሃያ አባላት ከተስማሙ አንድን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ይችሉ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ ግን ከመቶ ሃምሳ አንድ እጅ የሚሆን ድጋፍ ያስፈልግ ዘንድ ተወሰነ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር በርጋታ ተመልከተው። ከመቶ ሃምሳ አንድ ያለው ወገን ጥቂት አይባልም፤ ገዢው እርሱ ነው። እንግዲህ ከገዢው ፓርቲ በቀር የመነጋገሪያ ጉዳይ የሚያቀርብ የለም ማለት ነው። ይህ እኔ በክፍሌ ያወጣሁት ደንብ ነበር፤ ልዩነቱ የእኔ በአርባ ስምንት ልጆች ላይ፥ ያኛው በአንድ አገር ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

«ጥቂቶች በየቀኑ ክርክር ካነሡ ሥራ እንዴት ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መልስ አለው። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በአንድ የስብሰባ ዘመን ውስጥ ሃያ ቀን ለተቃዋሚዎች ተለይቶ ይሰጣል፤ በእነዚያ ቀኖች ስለ ምን እንደሚነጋገሩ የሚመርጡት እነርሱ ናቸው። የቀረው ጊዜ በአብዛኛው የመንግሥት ነው። በጀርመን ደግሞ ከምክር ቤቱ አባላት አንድ አራተኛው ከጠየቁ የምርመራ ኮሚቴ የግድ ይቋቋማል። በዚህ ምክንያት የእነዚያ አገሮች ሥራ አልቆመም። ለንግግር ጊዜ መመደብ ሌላ፥ ንግግርን መከልከል ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ተገዢ እንደሚሆን፥ በምክር ቤቱ ስለ ሰጠውም አስተያየት እንደማይከሰስ ይናገራል። ጉዳዩን ማቅረብ ለተከለከለ ሰው ግን በተናገርኸው አትከሰስም ማለት ምን ይጠቅመዋል?

ይሁን እንጂ ፍርዴ አድልዎ እንዳይሆን የጥቂቶቹንም ጥፋት መናገር አለብኝ። አዲሱ ምክር ቤት በ1998 ዓ.ም. ሲከፈት የቅንጅት ተመራጮች አብዛኞቹ አንገባም አሉ። ለቍጣቸው ምክንያት ነበራቸው። ነገር ግን እኔ በዚያ ሰልፍ የቆምሁት ወንበሩ ባዶ እንዲቀመጥ አልነበረም። የኅብረቱ መሪዎች ዶክተር በየነ ጴጥሮስና ዶክተር መረራ ጉዲና ገብተው ተከራከሩ፤ ደንቡም በዚያው ዓመት እንደገና ተሻሻለ። የተዘጋ በር የሚከፈተው የሚያንኳኳ ሲኖር ነውና፥ በትንሽ ቀዳዳ መናገር ከዝምታ ይሻላል እላለሁ።

በምክር ቤት ያልተነገረው ነገር በጎዳና ተነገረ። ያው ምክር ቤት ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤ እንደ ቈጠረው፥ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። የቅንጅት መሪዎች ታስረው በሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 545 ወንበር ወሰዱ፤ ከተቃዋሚ ፓርቲ የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም የእነርሱ ሆኑ። ቤቱ ጸጥ አለ። ነገር ግን ጥቂት ወራት ሳይቈይ በኦሮሚያ፥ ቀጥሎም በአማራ ክልል ሕዝቡ በአደባባይ ጮኸ። በግድግዳ ላይ በከሰል የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስደንቀው፥ ተቃዋሚ በሌለበት በዚያው ቤት የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ ሲቀርብ 88 አባላት መቃወማቸው ነው። ጥቂት የሚባለው ወገን ከውጭ እንዳይገባ ቢከለከል ከውስጥ ይወለዳል፤ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አሳብ ይዞ አልተፈጠረምና።

አባቶቻችን «ጉድጓድ ስትቈፍር አታጥልቀው፤ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና» ይላሉ። ያን ደንብ ባወጣው ግንባር ውስጥ ዋና የነበረው ሕወሓት፥ ወደ ብልጽግና አልገባም ብሎ በቀረ ጊዜ በዚያው ምክር ቤት ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ጦርነቱ በተዠመረ በጥቂት ቀኖች ውስጥ፥ ኅዳር 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ የ39 አባላት ያለመከሰስ መብት ተነሣ። ይህን የምጽፈው በማንም ላይ ለመሳለቅ አይደለም፤ በዚያ ጦርነት የፈሰሰው ደም ለሳቅ አይሆንም። የምጽፈው ዛሬ ብዙ የሆነ ወገን ሁሉ ነገ ጥቂት ሊሆን እንደሚችል ያስብ ዘንድ ነው። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ብልጽግና 410 ወንበር ሲያገኝ አብን 5፥ ኢዜማ 4 አገኙ። እንዲህ ያለ ታላቅ ብዛት ላለው ወገን የጥቂቶችን ንግግር መፍቀድ ምንም አያስወስድበትም፤ ጥቂት ቢያከራክሩት እንኳ ድምፁ አይጐድልበትም። የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው፤ የገዛ ወዳጆቹ ፈርተው የማይነግሩትን ይሰማልና።

እኔ የቀጣሁትን ልጅ በሚቀጥለው ዓርብ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ደንቡንም በገዛ እጄ ከሰሌዳው ላይ ሰረዝሁት። ከዚያም የክዳኑ ነገር ለድምፅ ቢቀርብ አርባ ስምንቱም እጃቸውን አወጡ። ልጆቹ ይህን የተማሩት ከአይጥ ነው፤ ከስድስቱ ጓደኞቻቸው ሊማሩት ይችሉ ነበር፤ የከለከልኋቸው እኔ ነኝ። በምክር ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰውም ብዙ ቢሆን ይወስን፤ ነገር ግን እጁን ከማውጣቱ በፊት ከእርሱ ያነሱትን ይስማ። ውሃውን የምንጠጣው ሁላችን ነንና።