እየተንተከተከ የሚቀርብ ሽሮ

ጎንደር አራዳ፣ ከገበያው ዳር ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተጋቢኖ ሽሮ ያዘዘ ሰው ምግቡን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። ጥቁሩ የሸክላ ድስት ከእሳት ወርዶ፣ ከጓዳ ወጥቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም መንተክተኩን አያቆምም። ከመሀል አረፋ ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ ሌላው ይተካል፤ በዙሪያው ቀላ ያለ ዘይት ይሽከረከራል። ከመንገድ ደክሞትና ርቦት ለገባ እንግዳ በዚህ ፍጥነት እንዲህ የሚያሞቅ ምግብ ማግኘት ከባድ ነው።

ፍጥነቱ ግን ያታልላል። እሳቱ ላይ የሚያልፉት ጥቂት ደቂቃዎች የሥራው ማብቂያ ናቸው።

ሥራው የሚጀምረው ከእህሉ ነው። ከጎንደር ወደ ጣና የሚወርደው የደንቢያ ሜዳ ዋልካ መሬት ነው። ክረምቱ ሲያበቃ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይበቅልበታል። ለተጋቢኖ የሚሆነው ሽሮ በአብዛኛው ከሽምብራ ነው፤ ከአተር ሽሮ ይልቅ የመወፈርና የመያዝ ጠባይ አለው። እህሉ ይለቀማል፣ በውሃ ይነከራል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይቆላል። እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሳይበስል ከወረደ ሽሮው ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ትንሽ ካረረ ይመራል፤ ያንን ምሬት በኋላ ምንም ቅቤ አይሸፍነውም። የሚቆሉት ሴቶች ሰዓት አይመለከቱም፤ ሽታውን ይከተላሉ፣ አንዷን ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ከዚያ ይከካል፣ በሰፌድ ይንጓለላል፣ ገለባው ይወጣል። በሌላ በኩል ቀይ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተከትፎ፣ ከበሶብላውና ከጤና አዳሙ ጋር ደርቆ ይጠብቃል። በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ ተመጥኖ ይገባል፤ ምጥን ሽሮ መባሉም ለዚህ ነው። ሁሉም ወፍጮ ቤት ደርሶ፣ ልሞ፣ ተነፍቶ ሲመለስ የባለሙያዋ ቀናት አብረው ተፈጭተዋል ማለት ይቻላል።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ለማብሰል ጊዜ ይጠይቃል፤ እንጨትም ይፈጃል። እህሉን አስቀድሞ ቆልቶና አልሞ ማስቀመጥ ለደጋ ሰው ትልቅ መላ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የሚቀረው የእጅ ጥበብ ነው። ዘይቱና ነጭ ሽንኩርቱ ከውሃው ጋር ሲፈላ ሽሮው በአንድ እጅ ይነሰነሳል፣ ሌላው እጅ በማማሰያ ያለ ዕረፍት ያማስላል። እጅ ከዘገየ ይጓጉላል። ዱቄቱ ውሃውን ጠጥቶ ሲያብጥ እሳቱ ይቀነስና ዘይቱ ወደ ላይ እስኪመጣ ይጠበቃል። በፍስክ ቀን ንጥር ቅቤ ይገባበታል፤ እኔ ግን በጾም ቀን በዘይት የተሠራውን እመርጣለሁ፣ የሽምብራው ጣዕም ጎልቶ የሚወጣው ያኔ ነውና።

ስለ ድስቱም መናገር ያስፈልጋል። ከጎንደር በደባርቅ መንገድ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ሴቶች ትታወቅ ነበር። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1991 እስከተደረገው የሰሎሞን ዘመቻ ማብቂያ ድረስ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሸክላው ግን በመንደሩ አልቆመም። በአገራችን እንዲህ ያለ ድስት ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ ተድቦልቡሎ ይወጣል፤ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ሜዳ ላይ በእሳት ይተኮሳል፣ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትም ይሟሻል። ሸክላ ሙቀት ለመቀበልም ለመልቀቅም ይዘገያል። ሽሮው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የሚንተከተከው በዚህ ነው፤ በብረት ድስት ቢቀርብ ሳይጎርሱት ይረጋ ነበር።

ሲበሉት ከዳር መጀመር ነው፤ መሀሉ ያቃጥላል። ኮምጠጥ ያለው የጤፍ እንጀራ የሽሮውን ውፍረት ይቆርጠዋል፣ የቃሪያ ስንግ ደግሞ አፍ ያነቃል። ከድስቱ ጎን ተጣብቆ የደረቀውን ለመጨረሻ ማስቀረት ይገባል። ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው እሱ ነው።

ተጋቢኖ ስበላ የሌላ አገር ምግብ ትዝ ይለኛል፤ ጃፓናውያን ራመን የሚሉት የሾርባ ፓስታ አላቸው። እሱም እንደ ሽሮ የተራ ሰው ምግብ ነው፤ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ፣ መንገደኛው ባቡር ሲጠብቅ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ይበላዋል። ቶንኮትሱ የሚባለው ዓይነት የአሳማ አጥንት መረቁ ወተት እስኪመስል ለብዙ ሰዓታት ይቀቀልለታል፤ ፓስታው ቢጫና ጠንከር ያለ እንዲሆን ካንሱዊ የሚባል የማዕድን ጨው በሊጡ ውስጥ ይገባል። ጃፓናውያን ለዚህ ርካሽ ምግብ ያላቸው ክብር ያስቀናኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 ጁዞ ኢታሚ ‹ታምፖፖ› በተባለው ፊልሙ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጥሩ ራመን መሥራት ስትማር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በዮኮሃማ የራመን ሙዚየም ተከፈተ። የእኛን ሽሮ ግን ‹ሌላ ከሌለ› ብለን እናዘዋለን፣ እንግዳም ሲመጣ ይቅርታ ጠይቀን እናቀርበዋለን። ይህ ለሥራው የሚገባው አይደለም። በአቆላሉ፣ በምጥኑ፣ በእሳቱና በሸክላው ያለው ዕውቀት ከማንም የሚያንስ አይደለም፤ የያዙት ሴቶች ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም።

አራዳ ከደረሳችሁ ተጋቢኖ እዘዙ። ስትጨርሱም ሽሮውን ማን እንዳዘጋጀው ጠይቁ፣ ባለሙያዋ ጓዳ ካለች አስጠሯትና በስሟ አመስግኗት።