ያልተፈረመበት ግድግዳ

እኛ አገር የሥዕል ዐውደ ርዕይ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነበበው የክብር እንግዳው ስም ነው። ከዚያ የስፖንሰሮቹ ዝርዝር ይከተላል። ሠዓሊው ቀንቶት ከሆነ በሩ አጠገብ ቆሞ እጅ ይጨብጣል። ሸራውን የወጠረው፣ ፎቶውን ያጠበው፣ ምስማሩን የመታው ግን ስሙ ቀርቶ ጥላውም አይታይ። ይህን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ግድግዳ አለ። በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ከእንግዲህም የሚያየው የለም።

ግድግዳው የነበረው ቺካጎ ነው፤ ጥቁሮች በሚበዙበት በደቡቡ ክፍል፣ 43ኛው ጎዳና ከላንግሊ በሚገናኝበት ማዕዘን። በኦገስት 1967 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) ኦባክ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የባህል ድርጅት ሠዓሊዎችና ፎቶ አንሺዎች መሰላልና ቀለም ይዘው መጡና አንድ ያረጀ ሕንፃ ላይ «የአክብሮት ግድግዳ»ን ሠሩ። ማዘጋጃ ቤት አላዘዛቸውም፣ ሙዚየም አልጋበዛቸውም። የዘር ፍትሕ ጥያቄያቸውን የመግቢያ ትኬት በማይቆረጥበት ቦታ፣ ሰው ዳቦ ሊገዛ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሰቀሉት።

ማንን ሳሉ? የራሳቸውን ጀግኖች። ማልኮም ኤክስ አለ፣ ዱቦይስ አለ፣ ኒና ሲሞን፣ አሬታ ፍራንክሊን፣ ጆን ኮልትሬን አሉ። በዚያው ዓመት «ለጦርነት አልዘምትም» ብሎ ሻምፒዮንነቱን የተነጠቀው መሐመድ አሊም አለ፤ እሱን የሳለችው ማይርና ዊቨር ናት። ማርቲን ሉተር ኪንግ ግን የለም! ከዓመት በፊት እዚያው ቺካጎ ውስጥ ስለ መኖሪያ ቤት መብት ሰልፍ የመራውን ሰው «ለዘብተኛ ነው» ብለው ተዉት። እኔ ብሆን እንዲህ አልፈርድበትም ነበር። ቢሆንም ሁሉን ደስ ለማሰኘት ከሚሠራ ሥራ እንዲህ ያለው ይሻለኛል፤ ቢያንስ ፊት ለፊቱ ቆመህ ትከራከረዋለህ።

ስለ ግድግዳው ሲወራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የዊልያም ዎከር ስም ነው፤ ሐሳቡን ያመጣውም እሱ ነውና ይገባዋል። ነገር ግን ያንን ሁሉ መስኮትና በር ያለበትን ሕንፃ በክፍል በክፍል ከፋፍላ፣ ጃዙን ከስፖርቱ፣ ቲያትሩን ከሥነ ጽሑፉ ጋር አስማምታ ንድፉን ያወጣችው ሲልቪያ አበርናቲ የምትባል ሴት ናት። እሷን ስንቱ ያውቃታል? ከሥዕሎቹ መሐል ደግሞ እውነተኛ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ የሮይ ሉዊስ፣ የቦቢ ሴንግስታክ፣ የዳሪል ካውኸርድ፣ የቢሊ አበርናቲ። ገጣሚዋ ግዌንዶሊን ብሩክስም፣ ያቺ ፑሊትዘር የተሸለመች፣ መጥታ አስፋልት ላይ ግጥም አነበበች። የሰፈሩ ሰው ከበረንዳው ሆኖ ያይ ነበር። እስቲ አስቡት፣ እንዲህ ያለ ተመልካች የትኛው አዳራሽ ያገኛል?

ሠዓሊዎቹ አንድ ስምምነት ነበራቸው፦ ማንም ፊርማውን እንዳያኖር። ሥራው የሕዝብ ነውና የእኔ የሚል አይኑር ተባባሉ። መቼም ሲሰሙት ደስ ይላል! እኔም መጀመሪያ ስሰማው ልቤ ሞቆ ነበር። ያልተፈረመበት ሥራ ግን ተከራካሪም የለውም። የፖለቲካ መሪዎቹን ክፍል የሳለው ኖርማን ፓሪሽ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዎከር «የሰፈሩ ሰው አልወደደውም» አለና የፓሪሽ ሥራ በነጭ ቀለም ተሸፈነ፤ በቦታው ዩጂን ኢዳ ሌላ ሣለበት። በነጭ ቀለም! የጥቁሮችን ፊት ለማሳየት የቆመ ግድግዳ ላይ፣ በጥቁር ሠዓሊ ውሳኔ። ወዳጆቹ ተቀያየሙ፣ ቡድኑም ተሰነጠቀ። የሰፈሩ ሰው በእርግጥ ጠልቶት ይሆናል፤ ሕዝብም አስተያየት አለው። ቢሆንም በሕዝብ ስም የሰውን ሥራ ማጥፋት ያኔም ስህተት ነበር፣ ዛሬም ስህተት ነው እላለሁ። እኛማ በሕዝብ ስም ስንት ነገር ሲሰረዝ አይተናል።

በ1971 ሕንፃው ተቃጠለ፤ ኋላም ፈረሰ። ዛሬ ስለ ግድግዳው የምናውቀውን አብዛኛውን የምናውቀው ያኔ ካሜራ ይዘው እዚያ በተገኙት ፎቶ አንሺዎች ነው። ነጭ ቀለም የተቀባው ክፍል እንኳ ፎቶው አለ።

ነገሩ እኛንም የሚነካበት መንገድ አለው። ከሠዓሊዎቹ አንዱ ጄፍ ዶናልድሰን ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ከ1970 ጀምሮ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሥነ ጥበብ ክፍል መራ። የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ወሰኔ ኮስሮፍም የተማረው እዚያ ነው። ስለ እስክንድር ስንጽፍ ፓሪስን እንጠራለን፣ የ43ኛውን ጎዳና ሰዎች ግን አናነሳቸውም።

ፓሪሽም ውሎ አድሮ ዋሽንግተን ገባ። በ1991 ጆርጅታውን በሚባለው ሰፈር የጥቁር ሠዓሊዎችን ሥራ የሚያሳይበት ቤት ከፈተና በ2013 እስኪሞት ድረስ ሠራበት። የቤቱ ስም ፓሪሽ ጋለሪ ነበር።